የፅጌረዳ አፍንጫ

ላፍቶ ውስጥ ቡፌ የሌለው ሳሎን ካያችሁ ባለቤቱ ገና አላገባም ማለት ነው። ቡፌው ካለ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ የታሸገ ውስኪ አለ። ለምርቃት የተሰጠ ይሆናል፣ ከዱባይ የመጣ ይሆናል፤ ብቻ ማንም አይከፍተውም። አቧራው በየሳምንቱ ይጠረግለታል። እንግዳ ሲመጣ በዓይኑ ይጠጣውና ቢራ ይቀርብለታል።

ፅጌረዳም እንደ ሰው ሁሉ ነበረች። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ ቤቷ ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእህቷ ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ስለሆነች ቡፌዋ ከጎረቤት ሁሉ ቡፌ ይልቅ የሞላ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት ልጇ ናዝሬት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ "እማዬ፣ ይሄን ሁሉ መቼ ነው የምንጠጣው?" አለቻት።

"ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ነዋ።"

"ለምሳሌ ማን?"

ፅጌረዳ አሰበች። የነፍስ አባቷ መጥተዋል፣ የባሏ አለቃ መጥቷል፣ የእድሩ ሰብሳቢ ከነሚስቱ መጥቷል። ለጠርሙሱ የሚመጥን እንግዳ ግን እስከዛሬ አልተገኘም። ወይ እንግዶቹ አንሰዋል፣ ወይ ጠርሙሱ ተኮፍሷል። ብድግ አለችና አንዱን ከፈተችው።

የመጀመሪያው ጉንጭ ጉሮሮዋን ፈጅቶ እንባዋን አመጣው። ሁለተኛውን ከመጎንጨቷ በፊት አሸተተችው፤ እዚያው ላይ ቀረች። መለኪያው ውስጥ ዘቢብ አለ፣ የአናጢ ቤት አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ያረረ ስኳር መጣ። የፅጌረዳ አፍንጫ ድሮም የታወቀ ነው። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲገባ ጥጥ ይሁን ቅልቅል አሽትታ የምትናገር ሴት ናት። እንደዚያን ዕለት ግን አፍንጫዋ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሶቹ በየተራ ተከፈቱ። አንዱ ብቻ ቀረ። እሱን ሙሽራ ሳለች አጎቷ ከጅቡቲ አምጥቶ "የሚገባው ሰው ሲመጣ ክፈቺው" ብሎ የሰጣት ነው፤ ጭስ ጭስ የሚል የውስኪ ዓይነት ነው። የእህቷ ልጅ ያንኑ ዓይነት አዲስ ጠርሙስ አምጥታላት ስለነበር የአጎቷን መንካት አላስፈለጋትም።

የእሁድ ከሰዓቱ ቅምሻ እንዲህ ተጀመረ። ዋናዋ ባልደረባዋ ገላኔ ናት። ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት መሬት የገላኔ አባት የጤፍ ማሳ ነበር፤ እሷ ዛሬም ከብሎኩ ጀርባ በቀራት ግቢ ላሞች ታረባለች፣ የብሎኩ ሰው ሁሉ ወተት የሚወስደው ከእሷ ነው። ፅጌረዳ ትቀላቅላለች፣ ገላኔ ትፈርዳለች። መበጥበጫቸው አሮጌ ፔርሙስ፣ ማጥለያቸው የሻይ ማጥለያ፣ መስፈሪያቸው ደግሞ ፅጌረዳ ስትሰፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የብረት ቆብ ነበረች። አንድ ቆብ የብርቱካን ሊከር፣ ሁለት ቆብ ሎሚ፣ ጤና አዳም በጫፉ ነከር ተደርጎ፤ እንዲህ እያሉ የስንት አገር መጠጥ የላፍቶ አደረጉት።

ወሬው አልቀረላትም። "ፅጌረዳ ቤቷ ውስጥ ቡና ቤት ከፈተች" ተባለ። እሷ አልተቆጣችም፣ የሚያሟትን እየለየች ጋበዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ መለኪያ ይዞ ሆነ።

አንድ ሕግ ግን ነበራት፤ የቀዳ ይቀምሳል። ድሮ አሳላፊ መጠጡን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በእንግዳው ፊት ይቀምስ የነበረው መርዝ የለበትም ለማለት ነው ይባላል። ለፅጌረዳ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ላቀረብኩት ነገር ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ሳትቀምስ ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

ባሏ ገብረ መድኅን በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። የስልክ መስመር ሲዘረጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከማኅበር ጠላ በስተቀር የሚያሰክር ነገር ባፉ አይዞርም። እሁድ እሁድ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ጋቢውን ይለብስና "እናንተ ሽቶአችሁን ጠጡ" ብሎ ይወጣል። አይከለክልም፣ አያመሰግንምም።

እንግዲህ ናዝሬትና የገላኔ ልጅ ፍሮምሳ ሊጋቡ ሆነ። ሁለቱ እናቶች ነገሩን ያወቁት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ለካ እነሱ ኮክቴል ሲበጠብጡ ልጆቹ በረንዳ ላይ የራሳቸውን ጉዳይ እየጨረሱ ኖረዋል። ፅጌረዳ ደስታዋ ወሰን አጣና አንድ ቃል ገባች። ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ እሷ ሲመጡ የራሷን መጠጥ ሠርታ ለዘመድ ሁሉ ልታቀርብ ነው። ጂን፣ የማር ብርዝ፣ ሎሚና ዝንጅብል ሆኖ፣ ከላዩ አንድ ቆብ የጭስ ውስኪ። ስሙም "ናዝሬት" ይባላል።

የገላኔ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዳባ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። "ጠጅ እያለ ድብልቅ ምን ይሠራል? ድብልቅ የሚጠጣ ሰው ምን እንደጠጣ አያውቅም" አሉ። የኦቦ ዳባ ነገር ቀልድ አይደለም። የቤተሰቡ ትልቅ ናቸው፤ እሳቸው ሳይቀምሱ ማንም አይቀምስም፣ እሳቸው ብርጭቆውን ሳይነኩ ካስቀመጡት ተራው በሙሉ ያስቀምጣል። በልጇ መልስ፣ በአማቾቿ ፊት፣ ያ ሁሉ ብርጭቆ ሙሉውን ሲመለስ ማየት ለፅጌረዳ ሞት ነው። ቢሆንም አልፈራችም። አፍንጫዋ አለላት።

ክረምት ላይ ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሄደ፣ የሄደው ግን ብቻውን አልነበረም። ያወቀችው ሱቋ ውስጥ ነው፤ ደንበኛዋ "ኧረ ጨርቁ ተቃጠለ" ብላ ስትጮህ ፅጌረዳ ካውያው አጠገብ ቆማ ክር ታስገባ ነበር። ጭሱን በዓይኗ እንጂ በአፍንጫዋ አላየችውም። ቤቷ ገብታ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አሸተተች። ሁሉም ውሃ ሆኑባት።

ለማንም አልተናገረችም። ነገ ይመለሳል አለች፤ ነገም ከነገ ወዲያም አልተመለሰም። ሰው "የፅጌን አፍንጫ የሚያህል የለም" ሲላት ፈገግ እያለች ውስጧ ይቃጠል ነበር። ከጨርቅ ሽታ እስከ ልጇ ፀጉር ድረስ ዓለሟን የምታውቀው በእሱ ነበርና ግማሽ ሰው የሆነች መሰላት።

ሠርጉ ተቃረበ። ከመልሱ በፊት ባለው እሁድ ገላኔን፣ ከላይ ፎቅ የምትኖረውን የባንክ ሠራተኛ ምስጢርንና አንዲት ሌላ ጎረቤት ለሙከራ ጠራች። ከቡፌው ታችኛው መደርደሪያ የጂኑን ጠርሙስ አውጥታ፣ ብርዙን፣ ሎሚውንና ዝንጅብሉን ጨምራ በፔርሙሱ በጠበጠችው፤ ከላዩ የጭስ ውስኪዋን ጠብ ጠብ አደረገች። እንደ ሕጓ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። አቃጠላት።

"ጂኑ ዛሬ ስል ነው" አለች።

ሴቶቹ ጠጡ። ተያዩ። "ጠንካራ ነው" አለች ምስጢር። ጎረቤቲቱ "እኔንስ ራሴን አዞረኝ" አለች። ያቺ ፊት ለፊት ተናጋሪዋ ገላኔ እንኳ ጉልበቷን እያሸች "እግሬን ያዘኝ፤ ላሞቹን ዛሬ ማን ሊያልብ ነው?" አለች። ፅጌረዳ ልቧ እፎይ አለ።

ገብረ መድኅን ያን ጊዜ ገባ። ጋቢውን አስቀምጦ ቡፌውን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ ቀና አለ።

"ፅጌ፣ ጠበሌን ማን ወሰደው?"

"የቱን ጠበል?"

"ከሀና ማርያም ያመጣሁትን ነዋ። መያዣ አጥቼ ባዶው የጂን ጠርሙስሽ ውስጥ ነበር ያደረግሁት።"

ጠርሙሱ ፅጌረዳ እጅ ላይ ነበር። ከግማሽ በታች ሆኗል። አራቱም ሴቶች እሱን አዩ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ገላኔ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሶፋው ላይ ተደፋች። "እኔኮ እግሬን ይዞኝ ነበር" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምስጢር ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ውሃ ያሰክራል።

ፅጌረዳ አልሳቀችም። "እናንተ በይሉኝታ ነው፣ እኔስ?" አለች። "የዝንጅብሉን ማቃጠል የጂን መሰለኝ። አይሸተኝም። ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም።"

ሳቁ ቆመ። ገላኔ ተነስታ አቀፈቻት፤ ፅጌረዳ ትከሻዋ ላይ ሆና አለቀሰች። "ይሄንን ለወንድምሽ ባቀርብላቸውስ ኖሮ? በቃ ጠጅ ይቅረብ። እኔ ትቼዋለሁ" አለች። ገላኔም ነገሩን ለቤተሰቧ እንደማታወራ ቃል ገብታ ወጣች።

ገብረ መድኅን በነጋታው መጀመሪያ የነፍስ አባቱ ጋ ሄደ። ጠበል ከመጠጥ ጋር መቀላቀሉ ሲነገራቸው ቄሱ ትንሽ ስግደት አዘዙና "ለሌላ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ ጻፍበት" አሉት። ተመልሶ መጣ፣ ጻፈበት፣ ከዚያ ሳይጠየቅ ቡፌውን ከፍቶ የሚስቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"ለልጅቷ ቃል ገብተሻል። እኔ መጠጥ አላውቅም፣ አልጠጣምም። ማሽተት ግን ኃጢአት አይደለም። ዕድሜ ልኬን አንቺ የሰፋሽውን ለብሼ ሰው ፊት ቆሜአለሁ፤ አፍንጫዬን ባውስሽ ምን ይጎድልብኛል?"

ፅጌረዳ አንዱን መለኪያ አፍንጫው ሥር አደረገችለት።

"ምን ይሸታል?"

"ውስኪ።"

"እሱንማ ጠርሙሱም ይለዋል። ሌላስ?"

ገብረ መድኅን እንደገና ብዙ አሸተተ። "ውስኪ" አለ።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ውስኪ ሆነ። ፅጌረዳ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል የጭስ ውስኪው ደረሰ። ገብረ መድኅን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ፤ መለኪያውን ራቅ አድርጎ አየው፣ መልሶ አሸተተ።

"ይሄ እንጨት ነው።"

"ምን እንጨት?"

"የስልክ እንጨት። አዲስ የመጣ፣ ሬንጁ ያልደረቀ፣ ዝናብ የመታው። በሰበታ በኩል መስመር ስንዘረጋ ስንት ቀን በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። ቤት ስገባ 'ልብስህን ውጭ አውልቅ' ትይኝ አልነበር?"

ፅጌረዳ አፏን ያዘች። እሱው ነው። ያን ውስኪ ስትጠጣ ሁሌ የሆነ የምታውቀው ነገር ይመጣባትና ስሙ ይጠፋት ነበር፤ ለካ ትዝ ሲላት የኖረው የባሏ የሥራ ልብስ ነው። ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

መንገዱ ከዚያ ወዲህ ተከፈተ። ጂኑ "የጥድ አጥር ሲከረከም" ሆነ፣ የብርቱካን ሊከሩ "የልጅ ከረሜላ ኪስ ውስጥ ቀልጦ"፣ አንዱ ደረቅ ውስኪ ደግሞ "የአለቃዬ ቢሮ" ተባለ። ገብረ መድኅን ጠብታ ሳይቀምስ ጠርሙሶቹን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ለየ። ፅጌረዳም በበኩሏ ምላሷን አዲስ አወቀችው። መጠጥ ከንፈር ላይ ጀምሮ እያቃጠለ እንደሚወርድ፣ ዝንጅብል ግን ዘግይቶ ጉሮሮ ላይ እንደሚቀመጥ ለየች። አፍንጫዋን ተማምና ድሮ ብርዝ ታበዛ እንደነበርም ምላሷ ነገራት፤ ብርዙን ቀነሰች፣ ሎሚውን አቀናች። መጠጡ ከድሮው በለጠ።

የመልሱ ቀን የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ቤት በሰው ሞላ። ሙሽሮቹ በእልልታ ገቡ። ኦቦ ዳባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ከፊት ተቀመጡ፤ የገላኔ ዘመዶች ከእሳቸው ጀምሮ እስከ በሩ ተደረደሩ። ከምሳ በኋላ መጠጡ ተቀዳ፣ ትሪዎቹ ወጡ፣ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ኦቦ ዳባ ማየት ጀመረ።

ፅጌረዳ የኦቦ ዳባን ብርጭቆ በእጇ ይዛ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ጣፋጩ፣ ኮምጣጣው፣ የከንፈሩ ሙቀት፣ የጉሮሮው ሙቀት ሁሉም በየቦታው አለ። ምላሷ "ይሂድ" አለ። ገብረ መድኅን ትሪ የሚያግዝ መስሎ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ብርጭቆውን በአፍንጫው ሥር አሳለፈችለት። ሲስማማው "ይሂድ" ሊላት ተነጋግረዋል።

አልተናገረም። እንደገና አሸተተ። "እንጨቱ የለም" አላት በጆሮዋ።

"ምን ማለትህ ነው? ራሴ ነኝ የጨመርኩት።"

"ፅጌ፣ እንጨቱ የለም።"

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እሷ የምትምለው በምላሷ ነው፣ ምላሷ ደግሞ ምንም አልጎደለም ብሏል። እሱ በዕድሜው ውስኪ ያልጠጣ ሰው ነው። ዝም ብላ ብትሰጥ ማን ያውቃል? ግን የቀዳ ይቀምሳል ካለች፣ ግማሹን ብቻ ቀምሳ እንዴት ትሰጣለች? ብርጭቆውን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

"ይቅርታ፣ ማንም እንዳይጠጣ። መጠጡ ይጎድለዋል" አለች ጮክ ብላ።

ናዝሬት ከሙሽሮቹ ወንበር ላይ አንገቷን አስግጋ እናቷን አየች።

"ማን አለ፣ ልጄ?" አሉ ኦቦ ዳባ።

"ባለቤቴ።"

"እሱ መጠጥ ያውቃል እንዴ?"

ሰው ሳቀ። ፅጌረዳ ፊቷ ጋለ፤ ቢሆንም ቀና አለች። "አያውቅም። እኔ ደግሞ አይሸተኝም፣ ኦቦ ዳባ። ከክረምት ጀምሮ አፍንጫዬ ሄዷል። በዚህ መጠጥ ውስጥ ምላሱ የኔ ነው፣ አፍንጫው የሱ። ሁለታችን ካልተስማማን ለእርስዎ አይቀርብም።"

ከጓዳው በር አጠገብ ዋናው ሚዜ ሚሳኤል ጫማውን ማየት አበዛ። ገላኔ አየችው። የገላኔ ዓይን ደግሞ ላም ሲደበቅም ያያል።

"ሚሳኤል፣ ምን አደረጋችሁ?"

"ጠዋት ወንበር ስንደረድር..." አለ ሚሳኤል፣ "የጭስ ውስኪዋን ቀምሰናት ነበር። ጣፈጠችንና አለቀች። እንዳይታወቅ በሌላ ውስኪ ሞላናት። እትዬ ፅጌ፣ ይቅርታ።"

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ፍሮምሳ ሚዜዎቹን እየረገመ ራሱም ይስቃል። ፅጌረዳ ግን ገብረ መድኅንን ነበር የምታየው። እሱ ትሪውን እንደያዘ፣ መስመር ቀጥ ብሎ ሲያገኘው የሚያደርገውን ዓይነት ራሱን ነቅነቅ አደረገ።

ከዚያ ፎቁን ወጣችና የአጎቷን ጠርሙስ ከቡፌው አውጥታ ተመለሰች። ማሸጊያውን ቀደደችው። ቡሹ ከዘመን ብዛት ደርቆ ኖሮ ጠርሙሱ ውስጥ ተፈረካከሰ፤ በሻይ ማጥለያዋ አጥልላ በየብርጭቆው ላይ በቆቧ አፈሰሰች። የኦቦ ዳባን ቀመሰችና ለባሏ ሰጠችው።

ገብረ መድኅን ዓይኑን ጨፈነ። "ቆሟል" አለ። "ይሂድ።"

ኦቦ ዳባ ብርጭቆውን ተቀበሉ። ትንሽ ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። እስከ በሩ ድረስ ብርጭቆ የያዘ እጅ ሁሉ አየር ላይ ነው። እንደገና ተጎነጩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጨረሱትና ባዶውን ብርጭቆ ወደ ፅጌረዳ ዘረጉ።

"ገለቶሚ፣ ልጄ" አሉ በኦሮምኛ አመስግነው። "እኔ ድብልቅ አልወድም። ይሄ ግን ድብልቅ አይደለም፤ ተስማምቷል። ድገሚኝ።"

እልልታው ሀና ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ተራው በሙሉ ጠጣ፣ ተራው በሙሉ ደገመ። ናዝሬት በሙሽራ ቀሚሷ ሮጣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ፅጌረዳ ደስ አላት፤ አፍንጫዋ በነበረበት ዘመንም እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሰው ለጭፈራ ሲነሳ ባሏን ወደ ጓዳው ጎተተችው። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ቀርታለች። በጣቷ ቆብ ቀዳች።

"አጎቴ ለሚገባው ሰው ክፈቺው ብሎኝ ነበር።"

"እኔ የቤት ሰው ነኝ" አለ ገብረ መድኅን።

"የቤት ሰው መሆንህን አውቃለሁ።" መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ በፊቱ ቀመሰችና ቆቧን ሰጠችው።

ገብረ መድኅን አማተበና ጨለጠው። ሳል ያዘው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ሬንጅ ነው" አለ።

ቆቧን ግን አልመለሰላትም፤ እንደያዛት እንደገና ዘረጋላት።